የአደን ጠመንጃ መነጽር የሚሸከመውን ሬይል በጥብቅ ስለ መግጠም

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የሥራ ባልደረቦቻችን ብርቱካናማ ልብሳቸውን ለብሰው ለአጋዘን አደን ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። ከእኛም መካከል አብረዋቸው የሚወጡ አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስለ ጠመንጃ መነጽር አገጣጠም በየጊዜው የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስላሉ፣ የማውቀውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው ወደድኩ።

በመጀመሪያ ግን ይህን እንድማር ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚል ላክስ ሐይቅ አካባቢ ባለ ጫካ ውስጥ፣ ሰማንያ እርምጃ ያህል ርቆ የቆመ ወንድ አጋዘን አገኘሁ። የመነጽሩን መስቀል ከትከሻው ኋላ አሳርፌ ተኮስኩ። ጥይቱ ግን የኋላ እግሩን መታው። እያነከሰ ረግረግ ውስጥ ገባ። እስኪመሽ የደሙን ፈለግ ተከተልኩ፤ በማግስቱም ተመልሼ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያደነ ሽማግሌ፣ ጠመንጃዬን ተቀብሎ መነጽሩን በጣቱ ገፋ ቢያደርገው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። «መነጽሩ ደህና ነው፤ የተሸከመውን ብረት ማን ገጠመው?» አለኝ። የገጠምኩት እኔው ነበርኩ፤ ማታ ከሥራ መልስ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በእጄ ግምት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ለብዙዎቻችን ነገሩ አዲስ መሆኑ አያስገርምም። አባቶቻችን በያዙት ውጅግራና ምንሽር ላይ ማነጣጠሪያው ከፋብሪካ ከጠመንጃው ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። በዛሬው የአደን ጠመንጃ ግን መነጽሩ በቀለበቶች፣ ቀለበቶቹ በሬይሉ፣ ሬይሉ ደግሞ በጥቂት ትናንሽ ብሎኖች ላይ ይቆማል። አስሉት፦ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሬይል አንዱ ጫፉ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ በ100 ሜትር ርቀት ጥይቱ 6.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ሬይሉ በየተኩሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ በየጊዜው ስለሚለያይ በማስተካከል አይድንም።

ሬይል ሲገዙ

በገበያ ላይ የሚገኙት በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀደም ያለው ዊቨር ሲሆን፣ ሁለተኛው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1995 መለኪያ ያወጣለት ፒካቲኒ ነው። የፒካቲኒ ቦይ ስፋት 5.23 ሚሊ ሜትር፣ የዊቨር 4.57 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ለዊቨር የተሠራ ቀለበት በአብዛኛው ፒካቲኒ ላይ ይቀመጣል፤ ለፒካቲኒ የተሠራው ግን ዊቨር ላይ አይገባም። ከሁሉም በላይ ሬይሉ ለጠመንጃዎ ሞዴል የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

አገጣጠሙ

1. ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ካዝናውን ያውጡ፤ ጥይት የሚያቀባብለውን መዘውር ነቅለው ጥይት የሚቀመጥበትን ቀዳዳ በዓይንዎም በጣትዎም ይፈትሹ። ጥይት በሌላ ክፍል ይቀመጥ።

2. ሬይሉን ያለ ብሎን ያስቀምጡትና አራቱን ማዕዘን ይጫኑ። ከተወዛወዘ አልገጠመም ማለት ነው። ቀጥሎም በአንድ ጫፍ ያለውን ብሎን ብቻ አጥብቀው ሌላው ጫፍ መነሣት አለመነሣቱን ይመልከቱ። ከተነሣ በብሎን ኃይል አይጫኑት፤ ሬይሉ ይጎብጥና መነጽሩንም ያጣምማል። ይህ የጠመንጃ ሠሪ ሥራ ነው።

3. ቀዳዳዎቹንና ብሎኖቹን በአልኮል ወይም በአሴቶን ከዘይት ያጽዱ። ፋብሪካው የቀባው ዘይት ካልተወገደ ማጣበቂያው አይዝም።

4. የብሎኖቹን ርዝመት ይፈትሹ። በብዛት የፊተኛው ብሎን ከሌሎቹ ያጥራል። ረጅሙ በስሕተት እዚያ ከገባ ጫፉ በርሜሉን ወይም መዘውሩን ይነካል፤ ለእጅዎ የጠበቀ ይመስልና ሬይሉ ላልቶ ይቀራል። መዘውሩን መልሰው ያለ ችግር መመላለሱን ይሞክሩ።

5. በእያንዳንዱ ብሎን ጥርስ ላይ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ያድርጉ። ቀዩን አይጠቀሙ፤ እሱን ለመፍታት ብረቱን በእሳት ማጋል ይጠይቃል።

6. ብሎኖቹን እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። በብዙ ጠመንጃዎች ላይ ላሉት ለ6-48 ብሎኖች የተለመደው ልክ ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ ነው፤ ሆኖም የሬይሉ አምራች የጻፈው ይቅደም። ልብ በሉ፣ አንድ ፉት ፓውንድ 12 ኢንች ፓውንድ ነው። የመኪና ጎማ የሚያጠብቁበትን የቶርክ ቁልፍ ካመጡ ብሎኑ ይቆረጣል። ለኢንች ፓውንድ የተሠራ ትንሽ የቶርክ ካቻቢቴ ይግዙ።

7. ቀለበቶቹን በሬይሉ ቦይ ውስጥ ወደ አፈሙዙ ገፍተው ያጥብቁ። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ስለሚመታ መነጽሩ ወደ ፊት መንሸራተት ይፈልጋል። የቀለበቶቹ የላይኛው ብሎን በአብዛኛው ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ይበቃዋል።

8. ማጣበቂያው እንዲደርቅ 24 ሰዓት ቤት ውስጥ ያቆዩት። በብሎኑ ራስና በሬይሉ ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ያስምሩ። መስመሩ ከተቋረጠ ብሎኑ ዞሯል።

ከዚያ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ መጀመሪያ በ25፣ ቀጥሎ በ100 ያርድ ይሞክሩ። ከ20 ጥይት በኋላ መስመሮቹን እንደገና ይመልከቱ። ምልክቶቹ ወዲያና ወዲህ ከተበታተኑ መነጽሩን ከመክሰስዎ በፊት ብሎኖቹን ይፈትሹ።

ስለ ሕጉ ጥቂት

በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለመግዛት በመደበኛው ደንብ የመሣሪያ ጥንቃቄ ትምህርት ማስረጃ ያስፈልገዋል። በሄነፒንና በራምዚ ካውንቲዎች ረጅም ጠመንጃ በመኪና ሲያጓጉዙ ባዶውን፣ በተዘጋ የጠመንጃ ሽፋን ወይም በተዘጋ የመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ መሆን አለበት። በቪዛ ያለ ሰውና ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ በፌዴራል ሕግ እኩል ስላልሆኑ፣ መሣሪያ ከመንካት በፊት የራስን ሁኔታ ማወቅ ይገባል።

እኔ አሁን በየዓመቱ መስከረም ላይ ጠመንጃውን አውጥቼ የቀለም መስመሮቹን አያለሁ። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ያ አጋዘን ረግረጉ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ካቻቢቴውን ባነሣሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን።