ለፐልስ ኢንዳክሽን የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ ተስማሚ ኮይል ስለመምረጥ

የፐልስ ኢንዳክሽን መሣሪያ በኮይሉ አማካይነት አጭርና ኃይለኛ የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት ወደ መሬት ይልካል፤ ምቱ ሲቋረጥ ከወርቅ ወይም ከሌላ ብረት የሚመለሰውን ደካማ ምልክት ይቀበላል። ስለዚህ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ኮይል ሲገዙ የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

1. ተስማሚነት፦ የመሣሪያው ሞዴል በኮይሉ መግለጫ ላይ በስም መጠቀስ አለበት። መሰኪያው መግጠሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የኮይሉ ኢንዳክታንስና ሬዚስታንስ ከመሣሪያው ጋር ካልተጣጣመ የጥቃቅን ወርቅ ምልክት ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ ለማይንላብ ጂፒኤክስ 5000 የተሠራ ኮይል ለጂፒኤክስ 6000 አያገለግልም። ለቪኤልኤፍ መሣሪያ የተሠራ ኮይልም ለፐልስ ኢንዳክሽን አይሆንም።

2. መጠን፦ ሰፊ ኮይል ትልልቅ ወርቅን ከጥልቀት ለማግኘት ይረዳል፤ ጥቃቅን ወርቅን ግን ሊያልፍ ይችላል። አነስተኛ ኮይል ለጥቃቅን ወርቅ፣ ለቁጥቋጦና ለድንጋያማ ስፍራ ይመረጣል።

3. ዓይነት፦ በአንድ ጥቅል ሽቦ የሚልክና የሚቀበል ሞኖ ኮይል በአብዛኛው የተሻለ ጥልቀት አለው። ሁለት ተደራራቢ ጥቅሎች ያሉት ዲዲ ኮይል ደግሞ የብረት ማዕድን በበዛበት አፈር ላይ የሚሰማውን ሁከት ይቀንሳል።

4. ፍተሻ፦ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ኮይሉ በገዢው መሣሪያ ላይ ተገጥሞ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር በራቀ ስፍራ በትንሽ የወርቅ ቁራጭ ይሞከራል። ገመዱ ሲነቃነቅ ወይም ኮይሉ በቀላሉ ሲነካ የሚጮኽ ከሆነ ጉድለት እንዳለበት ያመለክታል።

መሣሪያ መያዝ የማምረት ፈቃድን አይተካም። አምራቾች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሥልጣን ካለው የክልል የማዕድን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል።