የመተማ የዕጣን ዛፍ

መተማ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው። ነገር ግን ይህ ቆላ የዕጣን ዛፍም አገር ነው። በበጋ የግንዱ ቅርፊት በስለት በጥቂቱ ይፋቃል፤ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል። በቤተ ክርስቲያን ይታጠናል፤ በየቤታችንም ቡና ሲፈላ ይጨሳል።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወዲህ መሬት የሕዝብ ስለ ሆነ ደኑን ገዝቶ የግሉ የሚያደርግ የለም፤ የሚሸጠው ዕጣኑ ነው። ስለዚህ ጥበቃው የሁላችን ዕዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በብዙ ሥፍራ ለዐሥርት ዓመታት ወጣት ዛፍ እንዳልተተካ ገልጿል። ችግኙን ከብት ይበላዋል፤ እሳት ይፈጀዋል። ያለ ልክ የተፋቀ ዛፍም ይደክማል።

እንግዲህ ከብቱን እንከልክል፤ እሳቱን እንጠብቅ። አሮጌው ዛፍ ዛሬም ይሰጠናል፤ ተተኪ ካላሳደግንለት ግን ልጆቻችን የሚለቅሙት አይኖርም።