ትንሽ ንግድ በጎጃም እንዴት ሊዘልቅ ቻለ? ከባሶ ገበያ እስከ ደብረ ወርቅ እቁብ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ በመካከሉ ደብረ ወርቅን ያገኛል። ከተማዪቱ በይበልጥ የምትታወቀው በጥንታዊቱ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው ገበያዋን ነው። ዓላማውም በዚህ አገር የትንሽ ነጋዴ ንግድ በየዘመኑ በምን እንደ ጸና፣ በምንስ እንደ ተሰናከለ ለማስረዳት ነው። ትንሽ ነጋዴ የምለው በርበሬ፣ ጨው፣ ጌሾ ወይም ጥቂት ቁና ጤፍ ይዞ ጉልት የሚቀመጠውን፣ እንዲሁም አህያውን ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞረውን ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ንግድ እምብርት በደቡብ በኩል የነበረው የባሶ ገበያ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ደግሞ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት እንደ ነበረ ነው። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ግን ይሟሟል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ የነጋዴው ዋና ገንዘብ በቤቱ ውስጥ እየቀለለ ይሄድ ነበር። ዓባይም ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። በዚህን ጊዜ ትንሹ ነጋዴ ወደ እርሻው ይመለሳል። ግማሽ ገበሬ ግማሽ ነጋዴ መሆን የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ንግዱ ሲቆም ቤተ ሰቡ ዋናውን ገንዘብ እንዳይበላ ያዳነው ይኸው ይመስለኛል።

የባለእጁ ነገር ከዚህ የከፋ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ ይናቁ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በደብረ ወርቅ ያነጋገርኳቸው ነጋዴዎች ንግድ የሚጠፋው በመነሻ ገንዘብ ማነስ ነው ብለው አልነገሩኝም። የሚጠፋው፣ ይላሉ፣ መዟዟሪያው ሲበላ ነው። ተዝካር ይመጣል፤ ልጅ ይዳራል፤ ዘመድ ይታመማል፤ ለሚቀጥለው ገበያ በርበሬ መግዣ የነበረው ብር ለዚህ ይወጣል። ዘመድ እያለቀሰ ገንዘቤ የንግድ ነው ማለት በአገራችን ነውር ነው። እቁብ የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። አባሉ በየገበያው ቀን የተወሰነውን ያዋጣል፤ ዳኛው ይሰበስባል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ጠቅላላውን ይወስዳል። ወለድ የለበትም። «የእቁብ ነው» የተባለ ብር ግን ዘመድም አይጠይቀውም፤ ባልም ከሚስቱ አይወስደውም። አንዲት በርበሬ ሻጭ ባሏ የሞተ ጊዜ እንኳ ሣምንቷን እንዳላሳለፈች ነግራኛለች፤ ለቀብሩ ያወጣላት እድር ነበርና። እድሩ ለሐዘን፣ እቁቡ ለንግድ ተለይቶ መቆሙ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የቤትንና የሱቅን ሒሳብ መለየት ማለት ይኸው ነው።

እቁብ የሌለው ሰው ሲቸግረው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የወለድ ስምምነት በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ቢወስንም፣ አራጣ ስውር ውል ስለሆነ ሕጉ በቀላሉ አይደርስበትም።

እቁብ ሊያድን ያልቻለበት ዘመንም ነበር። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው የንግድ ሥራ አዋጅ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200 ሺህ ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህ ጉልት የምትቀመጠውን አይነካትም ይባል ይሆናል። እርሷን የነካት ሌላ ነው፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተቈረጠ ዋጋ እህል መግዛት ጀመረ፤ በጎጃምና በአርሲም የግል እህል ነጋዴ ከንግዱ ጨርሶ ታገደ። እህል በአህያ የሚያዞረው ሰው ኬላ ላይ እንደ ኮንትሮባንዲስት ተቈጠረ። ገንዘቡ ቢኖርም የሚገዛው ነገር ተከለከለ። ይህ የተነሣው መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀበት በ1982 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ የብድር ተቋሞች መጥተዋል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1997 በፈረንጅ አቆጣጠር በአክሲዮን ማኅበርነት ተቋቁሞ፣ በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። ንብረት ማስያዝ የማይችሉ ሰዎች በቡድን እርስ በርስ እየተዋዋሱ ይበደሩ ነበር፤ ይህም በባንግላዴሽ የግራሚን ባንክ ከታወቀበት አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱን ግን ልብ ማለት ይገባል። በብድር ቡድኑ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ያገኛል፤ ቢከስር ዕዳው በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል። በእቁብ የሚዋጣው ከራሱ ከገበያው ትርፍ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሚገባም ጥቂት ነው። ለአዲስ ጀማሪ ብድሩ ይሻላል፤ ለቆየ ነጋዴ ግን እቁቡ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ይሁንና እቁብም ጉድለት አለበት። ዋጋ በተወደደ ጊዜ ዕጣው በመጨረሻ የወጣለት ሰው የሚቀበለው ብር ቁጥሩ አንድ ቢሆንም፣ መጀመሪያ የወሰደው የገዛበትን ያህል በርበሬ አይገዛም። ስለዚህ ያነጋገርኳቸው ሴቶች የአባላቱን ቁጥር ቀንሰው ዙሩ ቶሎ እንዲያልቅ አድርገዋል።