እሳት ማያያዣ

«ክብሪት» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። መሠረታዊ ትርጉሙ ግን ድኝ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር «ታዲያ ክብሪቱ ላይ ድኙ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ አይጠፋም ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሰሞኑን ውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ሲያድር የሚጠቀምበትን፣ ከእንቁላል ካርቶንና ከሻማ የሠራውን እሳት ማያያዣ ፎቶ ላከልኝ። «ቲቸር፣ አዲስ ፈጠራ!» ይላል። ጎበዝ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም።

በ1700ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር በየቤቱ ምድጃ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትቀመጥ ነበር። ውስጧ ባልጩት፣ የብረት ቁራጭ፣ የጠቆረ ጨርቅና ጫፉ ድኝ የተነከረ ስንጥር አለ። ጨርቁ ከአሮጌ ሸሚዝ ወይም አንሶላ የተቀደደ ነው። አየር እንዳያገኝ ታፍኖ ይጠቁራል፤ አመድ ሳይሆን ከሰል ይሆናል ማለት ነው። የእኛ ከሰል አክሳዮች እንጨቱን አፈር አልብሰው የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ባልጩቱና ብረቱ ሲፋተጉ ብልጭታው ከድንጋዩ የወጣ ይመስለናል። አይደለም፤ ስለታሙ ድንጋይ ከብረቱ ላይ የፋቀው ብናኝ ነው አየር ላይ የሚነድደው። ብናኙ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ነበልባል የለም፣ ቀይ ነቁጥ ሆኖ ይሰፋል እንጂ። ድኙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ስንጥሩን ነቁጡ ላይ ሲያስጠጉት ቦግ ይላል። ለተማሪዎቼ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ድኙ ዛሬ ከምናውቀው ክብሪት በፊትም በስንጥሩ ጫፍ ላይ ነበር።

እኛ ቤት ደግሞ ዘዴው እሳቱን አለማጥፋት ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ጠዋት ተገልጦ ጭራሮና ኩበት ይደረግበትና እፍ ይባላል። ጠፍቶ ካደረ ጎረቤት ተሂዶ በገል ፍም ይጫራል። እኛ ሰፈር ሳይቀመጥ ሊሄድ ለሚነሣ እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» የሚባለው ለዚህ ነው። ፍም የያዘ ሰው ወሬ አይጀምርም፣ ይጠፋበታላ! ይህም ቢሆን የእኛ ብቻ አይደለም። በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው (ኦትዚ ይሉታል) ከበርች ዛፍ ልጥ የተሠራ ዕቃ ይዞ ነበር። ውስጡ ከሰል በቅጠል ተጠቅልሎ ተገኝቷል። ሰውዬው እሳቱን ተሸክሞ ነበር የሚጓዘው።

የእንቁላል ካርቶኑስ? የእሱ አያት ጧፍ ነው። የጥጥ ፈትል በሰም ሲነከር ፈትሉ ሰሙን እየሳበ ያነድዳል። ካርቶኑ በፈትሉ፣ ሻማው በሰሙ ቦታ ገባ፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

በ1827 ጆን ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ የሚጫር ክብሪት መሸጥ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ነጭ ፎስፈረስ ጨመሩበት። የትም ቢጭሩት የሚነድ ሆነ፤ ፋብሪካ ውስጥ ትነቱን የሚተነፍሱት ሠራተኞች ግን መንጋጋ አጥንታቸው ይበሰብስ ጀመር። በ1888 ለንደን ውስጥ 1,400 ገደማ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ ያቆሙት በቅጣቱና በደመወዙ ብቻ ሳይሆን በዚህም ተማርረው ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ስዊድኖች ቀይ ፎስፈረሱን ከእንጨቱ አውርደው ሣጥኑ ጎን ላይ መቀባት የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው። ግን ነጩ ርካሽ ነበር። የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በርን ከተማ የተፈረመው በ1906 ነው። ሠራተኞቹ ያንን ሁሉ ዓመት ጠብቀዋል።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ዛሬ በብዙ ግቢ ከሰል የሚያያዘው በፌስታል ነው። የሚያስጠላው ጥቁር ጭስ የሚገባው ጎንበስ ብላ እፍ በምትለው ልጅ ሳንባ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ቤንዚን የሚያርከፈክፉም አሉ። ቤንዚን ፈሳሹ ብቻ ሳይሆን ትነቱም ይነድዳል፤ ክብሪቱን የያዘውን እጅ ድረስ መጥቶ ይበላል። «ቶሎ ይያያዛል» ይሉኛል። አዎ፣ ነጩ ፎስፈረስም ቶሎ ይያያዝ ነበር።

ስለዚህ የተማሪዬን ፈጠራ ሥሩት። የእንቁላል ካርቶን (የወረቀቱን፣ የፕላስቲኩን አይደለም) ጎድጓዳውን ከአናጢ ቤት ባመጣችሁት ሰጋቱራ ሙሉት። የሻማ ቁርጥራጭ በጣሳ አድርጋችሁ፣ ጣሳውን ሙቅ ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ሰሙ ራሱ ይቀጣጠላል። ሰጋቱራው ላይ አፍስሱና ሲደርቅ እየቆረጣችሁ አንዷን ከከሰሉ ሥር አስገቡ። ሻማ ከሌለ ቫዝሊን የጠጣ ጥጥም ይሠራል። ከሰሉን ደጅ አያይዙት። ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋ እንኳ ሽታ የሌለው መርዝ አለውና ቤት ዘግታችሁ አትተኙበት።

እስቲ በየአገራችሁ እናቶቻችሁ እሳት የሚያያይዙት በምን ነበር? ቅጠሉን፣ ልጡን፣ ፍሬውን በስሙ ጻፉልኝ። ኩበት ልትሉ ያሰባችሁ ተቀድማችኋል።