የእንቁራሪቶቹ ድምፅና የሙላቱ ቪብራፎን

አንጋጫ ሰሞኑን ዝናቡ አላባራም። ማታ ማታ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ እንቁራሪቶቹ ሲጮኹ አንድ የሙዚቃ ታሪክ ትዝ አለኝና ልጻፍላችሁ አልኩ።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማርቲን ዴኒ የሚባል አሜሪካዊ ፒያኒስት ሆኖሉሉ ውስጥ በአንድ ሆቴል ቡና ቤት ከባንዱ ጋር ይጫወት ነበር። አጠገባቸው ኩሬ አለ። ሙዚቃው ሲጀመር እንቁራሪቶቹ አብረው ይጮኻሉ፣ ሲቆም እነሱም ዝም ይላሉ። ተጫዋቾቹም የወፍ ድምፅ እያስመሰሉ ያጅቧቸው ጀመር። እንግዶቹ ወደዱት። በ1957 «ኤክዞቲካ» የሚል አልበም ወጣ፤ ቆይቶም በስቴሪዮ እንደገና ተቀረጸ። ያኔ ስቴሪዮ ገና አዲስ ነገር ነው። አንዱ ድምፅ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ሲመጣ አሜሪካዊው ሳሎኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ሩቅ አገር የደረሰ ይመስለው ነበር። የሩቁ አገር ሰው ግን በሙዚቃው ውስጥ የለም። ያለው ጌጡ ብቻ ነው።

የዚያ ሙዚቃ መለያ አንዱ ቪብራፎን ነው፤ በዘንግ የሚመታ፣ ድምፁ እየተርገበገበ የሚቆይ የብረት መሣሪያ። ያንኑ መሣሪያ የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ ያዘው። እንግሊዝ አገርና ቦስተን ተምሮ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞችን ሠራ። መሣሪያው ያው፣ ለስላሳነቱም ያው ነው፤ ቅኝቱ ግን የእኛው። «ሩቅ አገር» የተባለው ሰው ራሱ መጥቶ ተናገረ ማለት ነው።

ለእኛ ለደቡብ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ሙላቱ በቃለ መጠይቆቹ ደጋግሞ የደራሼን ሰዎች ያነሳል። እነሱ የቀርከሃ ዋሽንት ይዘው፣ አንዱ አንድ ድምፅ ሌላው ሌላ ድምፅ እየነፋ፣ ተቀባብለው አንድ ዜማ ያወጣሉ። ፈረንጅ «ዲሚኒሽድ» የሚለውንና የጃዝ ሊቃውንት የተመራመሩበትን የድምፅ መሰላል እነዚህ ሰዎች ጥንቱኑ ያውቁት ነበር ይላል። ሳይንቲስቶች ናቸው ብሎ ነው የሚጠራቸው። ጌጥ አላላቸውም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪዬ አያቱ የሠሩለትን ዋሽንት ይዞ ክፍል ገባ። እኔም «ይህን ውጭ አስቀምጠህ ና፣ ትምህርት ላይ ነን» አልኩት። አስቀምጦ መጣ። ከዚያ ወዲያ ይዞት ሲመጣ አላየሁትም። የዚያን ቀን ትምህርት ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም፤ ዋሽንቱን ግን አስታውሳለሁ።

ልጄ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። ሌሎቻችሁም ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና የሽማግሌዎቹን ዜማ ቅረጹ። የተጫዋቹን ስምና ቀበሌውን መጻፍም አትርሱ። ስም የሌለው ሙዚቃ የሰው ሳሎን ጌጥ ሆኖ ይቀራል እኮ!

ቸር ያሰማን።