ዳዮድ (በአሮጌ ቴሌቪዥን ጥገና)

ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። በአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ ጽሑፉ የጠፋ ዳዮድ በተቀመጠበት ቦታ ይለያል። በአዲስ አበባ፣ ጳውሎስም ሆነ መርካቶ፣ የሚገባው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በመግቢያው አጠገብ ያሉትን አራት ዳዮዶች አብዛኛውን ጊዜ ዋን ኤን 4007 (1000 ቮልት፣ 1 አምፔር) ይተካቸዋል። በፍላይባክ (ከፍተኛ ቮልቴጅ በሚያመነጨው ትራንስፎርመር) ዙሪያ ያሉት ግን በሴኮንድ 15,625 ጊዜ ስለሚሠሩ ፈጣን ዓይነት ይፈልጋሉ፤ 4007 እዚያ ቢገባ ግሎ ይቃጠላል። የዜነር (ቮልቴጅን የሚያረጋ ዳዮድ) ምትክ ቮልቴጁ ከነባሩ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ደህና የሲሊከን ዳዮድ በመልቲሜትር በአንድ ወገን ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያሳያል፤ በሁለቱም ወገን ዜሮ ካሳየ ሾርት አድርጓል። ምትኩ ሲበየድ ቀለበቱ፣ ማለትም ካቶዱ፣ በነበረበት ወገን ይሁን።

ዋናው ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት ያህል ሊይዝ ስለሚችል፣ ቦርዱ ከመነካቱ በፊት በሬዚስተር ይራገፍ።