ኩበር ፒዲ

ኩበር ፒዲ በደቡብ አውስትራሊያ፣ ከአደሌድ በስተሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስቱዋርት አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ የበረሃ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1915 ወርቅ ፍለጋ ከአባቱ ጋር የመጣ የ14 ዓመት ልጅ፣ ዊሊ ሃቺሰን፣ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ በማግኘቱ ተቆረቆረች።

ከተማዋን ልዩ የሚያደርጋት የምድር ውስጥ ኑሮዋ ነው። በበጋ የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ፣ ብዙ ነዋሪዎች ቤታቸውን በኮረብታ ሆድ ውስጥ ፈልፍለዋል፤ እዚያ ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ለጎብኚም ሆቴሎች፣ የኡሙና ሙዚየምና አሮጌ የማዕድን ዋሻዎች አሉ። ከሁሉ የሚደነቀው ግን የሰርቢያ ኦርቶዶክስ የቅዱስ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅርጻ ቅርጹ በራሱ በአለቱ ላይ ተፈልፍሎ፣ ጣሪያው እንደ ቅስት ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ሳያይ የሚመለስ ሰው ዋናውን ነገር አጥቷል።

ከከተማው በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ካንኩ ብሬክአዌይስ የተባለው ጥብቅ ሥፍራ ይገኛል። ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያላቸው ገደላማ ኮረብታዎቹ በተለይ ፀሐይ ስትጠልቅ ያምራሉ። በአቅራቢያው በጎችን ከዲንጎ የዱር ውሻ ለመጠበቅ የታጠረውና 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አጥር ያልፋል። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የማድ ማክስ ፊልም ክፍሎችም በዚሁ አካባቢ ተቀርጸዋል።

ለጉብኝት የሚመቸው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ነው። በማዕድን ሜዳዎቹ ላይ ያልተከደኑ ጥልቅ ጉድጓዶች ስለሚበዙ፣ ጎብኚ ያለ አስጎብኚ ከመንገድ መውጣት የለበትም።